ከማሽላው መሃል ያቆምኩት ልጅ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም በየጾሙ ትንንሹን ኃጢአቴን እየነገርኩ ይህን ስዘለው ኖሬአለሁ። አሁን ግን እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያደረግሁትን ለመጻፍ ግን ይበቃል።

ወረታ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ብዙ ዘመን ነው። በኋላ ቪዲዮ መጣ፣ እሱንም ሰው እያየሁ ተማርኩ። ከሁሉ የወደድኩት ክሮማ የሚሉትን ነው። ሰውየውን ከአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ታቆመዋለህ፤ ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን ሲያጠፋልህ በቦታው የፈለግኸውን ታስገባለህ፤ ፏፏቴም ይሁን ቤተ መንግሥት። ብዙ ሰው ይሠራዋል፣ አጥርቶ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። እኔ አጠራው ነበር። ጨርቁን ተኩሼ እንደ ከበሮ ቆዳ እወጥረዋለሁ። ለጨርቁ የብቻው መብራት፣ ለሰውየው የብቻው። ሰውየውን ከጨርቁ አራት እርምጃ አርቀዋለሁ፤ አለዚያ አረንጓዴው ጆሮውና ትከሻው ላይ ይጋባበታል። የፀጉር ጫፍ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ነበረኝ። «የአያ በላይ ሥራ ስፌቱ አይታይም» ሲሉኝ እኮራ ነበር። የበደልኩትም በዚሁ በኮራሁበት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የእትዬ ውዴ አንድ ወንድ ልጅ አስረስ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊወርድ ሲል ወደ እኔ መጣ። የእህቱ ሰርግ ለጥር ተቆርጧል፤ እሱ ደግሞ ከሰሊጡ በኋላ ለማሽላው ሊቆይ አስቧል። ስለዚህ ቀድሞ ተቀርጾ በሰርጉ ቪዲዮ እንዳስገባው ፈለገ። ሳቂታ ልጅ ነበር።

«አያ በላይ፣ ከኋላዬ ምን ያስገቡልኛል?»

«ምን ላስገባልህ?»

«ጎተራ። ጢም ያለ ጎተራ። አማቾቻችን ደሃ ናቸው እንዳይሉን።»

ነጭ ጋቢውን አስተካክሎ ከጨርቁ ፊት ቆመና «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ። ሰርጉን በደስታ አሳልፉት፤ እኔም እመጣለሁ» አለ።

ታኅሣሥ ላይ ወባ ገደለው። አብረውት የወረዱት እዚያው ቀብረውት ተመለሱ፤ መርዶውንም ለእትዬ ውዴ ወንድም ለሞላ ብቻ ነገሩ። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሰርግ የደረሰበት ቤት መርዶ አይገባም፤ እስኪያልፍ ይደበቃል። ይህን የሚነቅፍ የለም። የእናት ሆድ ግን ነገር ይሸተዋል። እትዬ ውዴ «የልጄን ድምፅ ካልሰማሁ ድግሱን አልነካም» ብለው የጠላውን ጋን ከድነው ተቀመጡ።

ሞላ ወደ እኔ ሮጠ።

«ያ የቀረጽከው አለ?»

«አለ።»

«አሁን ከመተማ የላከው አስመስለው።»

«አንተ ሞላ፣ ልጁኮ ሞቷል!»

«እስኪያልፍ ነው የምልህ! መልሱ ካለፈ እኔው አረዳታለሁ። ትችላለህ ወይስ አትችልም?»

ትችላለህ ወይ አለኝ። ይገባል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝስ ምን እል ነበር? እሱ ግን እጄን ነው የጠየቀኝ፤ እጄም መለሰለት። «እችላለሁ» አልኩ።

ከይፋግ ወዲያ ያልታጨደ ማሽላ ፈልጌ ቀረጽኩ። ልጁን ስቀርጸው መብራቴ በግራ ጉንጩ በኩል ስለነበር፣ ፀሐይዋ በግራ እስክትውል ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በነጩ ጋቢ ጠርዝ የቀረውን አረንጓዴ አንድ በአንድ ለቀምኩ። መሬት ላይ ጥላ የማይጥል እግር እንዳያጋልጠኝ ከወገቡ በታች ቆረጥኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እኔ፣ በገዛ እጄ፣ የሞተ ልጅ ከማሽላ መሃል አቆምኩ። ሲያልቅ ምን ተሰማኝ? እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ጠራልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ሞላ ከመተማ የተላከ ነው ብሎ በስልካቸው አስገለበጠላቸው፤ እትዬ ውዴ ደጋግመው አዩት።

«ከስቷል» አሉ። «ፀሐይ አጥቁሮታል። አያ በላይ፣ እስቲ እግሩን ያሳዩኝ፣ ጫማ አድርጓል?»

«ስልኩ እስከዚያ አላነሳም፣ እትዬ።»

ጋኑ ተከፈተ፤ ሰርጉም ሆነ።

ሞላ ቃሉን ጠበቀ። መልሱ ካለፈ በኋላ በማለዳ ሽማግሌ ሰብስቦ አረዳቸው። እሳቸው ግን አላለቀሱም። «የቀበሩት የሌላ ሰው ልጅ ነው። እኔ ልጄን ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። ሞላ ቪዲዮው የተሠራ መሆኑን ሳይደብቅ ነገራቸው። እሳቸውም በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ቤቴ ውስጥ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሞልቷል።

«አያ በላይ፣ ሞላ እርስዎ ነዎት የሠሩት ይላል። በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ይህ ከልጄ የመጣ ነው ወይስ አይደለም?»

አፌን ልከፍት ስል ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሬሳ የሚያናግር ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ከመተማ የመጣ ነው» አልኩ።

ትከሻዬን ስመው ወጡ።

ለሳቸው አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። አዝኜ ነበር ወይ? አይደለም። ፈርቼ ነው፤ ለስሜ ሳስቼ ነው። በአንድ ቃል እውነት የተናገረውን ሞላን ውሸታም አደረግሁት። እትዬ ውዴ በራቸውን ዘጉበት፤ ሞላም ሳይታረቁ ሞተ። ለአስረስ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ተዝካርም አልወጣለትም። እናቱ ጥቁር አልለበሱም። በየዓመቱ ከአጨዳ የሚመለሱት ሲመጡ መናኸሪያ ሄደው የወራጁን ፊት ያያሉ። እኔም ስንት ጊዜ አይቻቸው መንገድ ቀየርኩ።

ባለፈው ሳምንት ስልካቸው ተበላሽቶ መጡ። «ያን የልጄን እንደገና ይገልብጡልኝ፤ ዓይኔም እየደከመ ነው፣ ሳልረሳው ልየው» አሉኝ። ቤትዎ አመጣዋለሁ ብዬ መለስኳቸው። ኮምፒውተሬን ስከፍት ሁለቱም ነበሩ፤ የማሽላውም፣ ያልተነካው የአረንጓዴ ጨርቁም።

የማሽላውን አልወስድላቸውም። ዛሬ ለነፍስ አባቴ ሁሉንም እናገራለሁ። ነገ ማለዳ የነፍስ አባቴንና የእትዬ ውዴን ሴት ልጅ ይዤ እሄዳለሁ፤ እትዬን የሚይዛቸው ሰው ያስፈልጋልና። ጨርቁ እንዳለ፣ መብራቱ እንዳለ፣ ልጁ ከቤቴ ቆሞ ሲስቅ አሳያቸዋለሁ። እኔ ነኝ የሠራሁት እላለሁ። ሞላ እውነቱን ነበር፣ በማርያም ስም የዋሸሁዎ እኔ ነኝ እላለሁ፤ ጎረቤት እየሰማ።

ነገ ግን ይቅርታ አልለምናቸውም። ነገ ልጃቸውን የሚያለቅሱበት ቀን ነው፤ የእኔን ልመና የሚያዳምጡበት አይደለም። ይቅር ቢሉኝ የሳቸው ደግነት ነው፤ ባይሉኝም አይፈረድባቸውም። እኔ ከለቀስተኛው በስተኋላ፣ ከደጅ እቆማለሁ። ሂድ እስኪሉኝ ድረስ አልሄድም።