የሚስማር ማሽኑና የታጨሁበት ሽልማት

ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ውሃ ይጠማኝ ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው ያለፈው። ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሲሄዱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ሚስማር እንሠራለን። ሽቦው በአንድ በኩል ይገባል፤ ማሽኑ ይቆርጠዋል፣ ጫፉን ያሾለዋል፣ ራሱን ይቀጠቅጠዋል፣ በሌላው በኩል ሚስማር ሆኖ ይረግፋል። አንዳንድ ቀን ግን የሚስማሩ ራስ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ያኔ ክዳኑን ከፍቶ አራት ቡሎን በልክ ማላላትና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ልኩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት አንዱን ሠራተኛ ውሃ፣ ሌላውን ግራሶ፣ ሦስተኛውን ጨርቅ እንዲያመጣ እልከዋለሁ። ሲመለሱ ክዳኑ ተዘግቶ፣ እኔም እጄን እየጠረግኩ ያገኙኛል።

ከክፋት አይደለም፤ ቢያንስ አብዛኛው ከክፋት አይደለም። የሚያውቁትን ሁሉ ለሌላ ካሳዩ በኋላ «እናመሰግናለን» ተብለው የተሸኙ ባለሙያዎች አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ከዚህ ማሽን ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ያለ እኔ እንዳይሆንላቸው አደረግኩ፣ ሆነም። ግን እኔም አብሬ ታሰርኩ። ጉራጌ ሆኖ ለመስቀል አገሩ የማይገባ ሰው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። እህቴ በየዓመቱ ትደውላለች፣ እኔም በየዓመቱ ሥራ በዝቶ ነው እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በሌለሁበት ማሽኑ ቢቆም የሚያስነሳው ሰው አልነበረም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የግቢው ባለቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የድሮው አሠሪዬ ልጅ ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ችኩል ከመሆኑ በቀር። ለአምራች ኢንዱስትሪው በግላቸው አስተዋጽኦ ያደረጉ ሰዎች ሊሸለሙ ነው አለኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አጭቻለሁ። እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። «ሙያቸውን ሳይሰስቱ ለበርካታ ሠራተኞች ያስተላለፉ» የሚል አለበት። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ፈረምኩ። ለምን ቢሉ ደስ ብሎኝ ነው። ስሜና «ኢንዱስትሪ» የሚለው ቃል አንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የእድራችን ሊቀ መንበር በስብሰባ መሀል አስነስቶ አስጨበጨበልኝ፤ እኔም አላፈርኩም፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ ተቀበልኩ።

ነሐሴ ላይ ጉድ ፈላ። የሽልማቱ ገምጋሚዎች በሁለት ቀን ውስጥ ግቢው ድረስ እንደሚመጡ ተነገረን። ማሽኑን ሆን ብለው ያዛቡታል፤ እኔ ውጭ እቆማለሁ፤ ካሠለጠንኳቸው ሰዎች አንዱ ያስተካክለዋል። ባለቤቱ ይህን ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ ነበር፣ የጻፈውን የሚያምን ይመስለኛል። እኔ ግን ላብ በላብ ሆንኩ። በማግስቱ ሦስቱን ሠራተኞች ሰብስቤ ክዳኑን ከፈትኩ። ላሳያቸው ነው ሐሳቤ። አንደኛው ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬ ውሃ አልጠማዎትም እንዴ?» አለ። ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው። በንዴት ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት፤ የመጨረሻዋንም ዕድል እንዲህ በገዛ እጄ አበላሸኋት።

የመጡት ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት መሐንዲስ። መሐንዲሷ ቡሎኖቹን ነካካችና በአክብሮት ወደ በሩ አመለከተችኝ። ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ። የታክሲ ረዳቶች «መርካቶ፣ መርካቶ» ይላሉ፤ እኔ የምሰማው ግን ከግቢው ውስጥ ያለውን ጸጥታ ነው። እድር ውስጥ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ። ውሸታም ሊሉኝ ነው፤ እሱ ይቅር፣ ስስታም ሊሉኝ ነው። ማሽኑ ተነሣ፤ ድምፁ ገና ያነክሳል። ቆመ። እንደገና ጸጥታ። ከዚያ ተነሣና መምታት ጀመረ፦ ታክ፣ ታክ፣ ታክ፣ እኔ ራሴ ያስተካከልኩት ያህል እኩል። የቆርቆሮውን አጥር ተደገፍኩ።

ስገባ ሦስቱ ሠራተኞች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳ ተደግፈዋል። የቡሎን መፍቻውን የያዘችው ሚስማር እየመዘነች በካርቶን የምታሽገው ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ጀርባዋን ለማሽኑ ሰጥታ ተቀምጣለች፤ አንድም ቀን ውሃ አምጪ ብዬ ልኬያት አላውቅም። አሻጊ ናት፣ ምን ታውቃለች ብዬ ነው።

«ማን ነው ያስተማረዎት?» አለቻት መሐንዲሷ።

ሴትዮዋ አየችኝ። «እሳቸው ናቸው» አለች።

ዝም ብል ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። ዝም ልልም አስቤ ነበር። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የናቅኳት ሴት በነጻ ስታድነኝ አላስቻለኝም።

«አላስተማርኳትም» አልኩ። «ማንንም አላስተማርኩም። እንዳያዩብኝ ስደብቅ ነው የኖርኩት። ወረቀቱም ላይ የፈረምኩት እያወቅኩ ነው።»

ባለቤቱ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። መሐንዲሷ አልተቆጣችም፤ ብዕሯን እንደያዘች ወደ ሴትዮዋ ዞራ እንዴት አወቁት አለቻት።

«የተበላሸው ሚስማር መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ እጅ ነው» አለች። «ራሱ ሲጣመም እሳቸው ቡሎኑን ሁለት ጊዜ ሲያዞሩት ይሰማኛል። ሲሰነጠቅ አንድ ጊዜ ነው።» ትንሽ አሰብ አድርጋ ጨመረች፦ «አንዳንዴም ዞር ብዬ አያለሁ።»

ሰዎቹ ሲሄዱ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም አልኳት። ካርቶኗን እያሸገች፣ ቀና ሳትል «እርስዎ ሲፈለጉ ነው ደስ የሚልዎት፤ ምን ብዬ ልንገርዎት?» አለችኝ። ተናድጄ እንደሆነ ራሴን መረመርኩ፤ አልተናደድኩም። ያን ቀን ምሳዬን እንደዚያ ጠግቤ መብላቴ ራሴን ገርሞኛል።

ሽልማቱን አንዲት ቆዳ የምታለፋ ሴት ወሰደች። የእድሩ ሊቀ መንበር ሊያጽናናኝ ቤት ድረስ መጣ፤ እውነቱን ነገርኩትና ሻይ ጠጥተን ተለያየን። አራቱን ቡሎኖችም ለሁሉም አሳየኋቸው፣ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

ለመስቀል አገሬ ገባሁ። በበዓሉ ማግስት፣ እህቴ ደጅ ተቀምጠን ስንጫወት ስልኬ ጮኸ። ያቺው አሻጊ ናት። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጫማዬን በእግሬ መፈለግ ጀምሬያለሁ።

«ምን ተበላሸ?» አልኳት።

«ምንም አልተበላሸም። እንኳን አደረሰዎ ልልዎት ነው።»

ስዘጋው እህቴ ማን ነው አለችኝ። ከሥራ ቦታ ነው፣ የሚፈልጉኝ ነገር የለም አልኳትና ተመልሼ ተቀመጥኩ።