የአኪታው ጠበል

አውቶቡሱ አኪታ ተራሮች ውስጥ ያለች ትንሽ የጃፓን መንደር ላይ ጥሎኝ ሲሄድ የገማ እንቁላል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ደንግጬ ሻንጣዬን ለቀቅሁት። ሽታውን አውቀዋለሁ። ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ኤሪን ውድስ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ፣ እናቴ በባዶ ሆዴ ታጠጣኝ የነበረው የጋሽ መኮንን ጠበል ሽታ ነው። ያ ጠበል ደግሞ የመጣው ከጎጃም ነበር፤ እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነው።

ጋሽ መኮንን ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሰንሪጅ የሚባል ሰፈር የመኪና ጎማ እየቀየሩ የሚያድሩ ዝምተኛ ሰው። በየኅዳሩ ቬኬሽን ወስደው ጃፓን ይሄዳሉ። ቶኪዮን ግን ዞር ብለው አያዩዋትም ነበር። የሳቸው ጃፓን የሚጀምረው ሐዲዱ ከሚያልቅበት ነው። ሲመለሱ ፎቶዎቻቸውን ከጫማ ካርቶን እያወጡ ምንጣፉ ላይ ይደረድሩልናል። ብርቱካንማ ፍሬ ልጠው እንደ ቋንጣ በገመድ ያሰጡበት ጣሪያ ነበር፤ ለጎብኚ ትርኢት ጭድ ለብሰው ቀንዳም ጭንብል ያጠለቁ ሰዎችም ነበሩ። ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ በየቤቱ እየገቡ «አልቃሻ ልጅ አለ?» ብለው እንደሚጮኹ ሲነግሩን ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ እናቴ ጉያ ተኛ።

አልቃሻዋ እኔ ነበርኩ፤ ሰበብ ግን ነበረኝ። ችፌ ነበረብኝ። የካልጋሪ ደረቅ ብርድ ሲገባ ክርኔና የጉልበቴ ማጠፊያ ይሰነጠቅና አንሶላዬን ደም ይነካዋል። እናቴ እንዳላክ እጄን በካልሲ ትሸፍንልኝ ነበር። የሐኪም ቅባት ሁሉ ሞክራ ታክቷት ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ መኮንን በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ።

«አስቴር፣ ጠበል ነው። ጎጃም ካለ ገዳም ዘመድ ላከልኝ። ሰባት ቀን እጠቢያት» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን ደርባ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ታጠብኩ፣ ጠጣሁ፣ አስመለሰኝ። ለገና ቆዳዬ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያመጡልኝ ነበር፤ ሁሌም ከጃፓን በተመለሱ ሰሞን መሆኑን ልብ ያለ የለም። እናቴ በየማኅበሩ መሰከረች፤ ስለት ገብታም ለገዳሙ የሐር ጥላ ላከች። ይህን ስትነግራቸው አቀረቀሩ።

«አይ፣ እሱን እንኳ ባትልኪው ጥሩ ነበር» አሉ። ትሕትና መሰለን።

ኋላ ኤድመንተን ከተማ እህታቸው ዘንድ ሄዱና እዚያው አረፉ። የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው። እኔም ከዓመታት በኋላ፣ ከሰጡን ፎቶዎች በአንዱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የመንደር ስም ይዤ፣ ጭንብሎቹን ለማየት ብቻ ነበር የመጣሁት።

ሽታው የመንደሩ ፍል ውሃ ድረስ መራኝ። በሩ ላይ በቀይ የተሰረዘ ብርጭቆ ሥዕል ተለጥፏል፤ አይጠጣም ማለት ነው። ጠበል ብዬ የጠጣሁት ይህን ውሃ ነበር። ከድንጋጤዬ ስመለስ ተናደድኩ። እናቴን ያን ያህል ዓመት አታለዋታል።

የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው። ፊቴን ትክ ብለው አዩና ከጓዳ አንድ የእንግዶች መዝገብ አመጡ። ስልካቸው ላይ ተናገሩ፤ ስልኩ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ይህን የሚያነብ ሰው አጥተን ኖርን፣ አንቺ ማንበብ ትችያለሽ? ነበር ያሉት።

አማርኛ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን በተማርኳት ፊደል፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

«ውሃችሁን ወስጄ የገዳም ጠበል ነው አልኩ። የባዕድ አገር ውሃ ነው ብላት እናቷ አትነካውም። ልጅቷ ድናለች። ዋሽቻለሁና ይቅር በሉኝ።»

የሚቀጥለው ዓመትም፣ የሚቀጥለውም፣ ያው ልመና ነው።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ። ላልነግራት ወስኜ ነበር፤ አልቻልኩም። አንብቤ ጨረስኩላት። ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻቸውን ነው የያዙት?» አለች። እያለቀሰች ነበር። «የክርስትና ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ቄሱ ማን ብለው ያስቧቸው?»

«ማሚ፣ ሆልድ ኦን» ብዬ ገጾቹን ገለጥኩ። የመጨረሻው ጽሑፍ ፊደሉ ተንጋዷል፤ እጃቸው ሳይደክም አልቀረም። አማርኛ ለማያውቀው ለዚያ መንደር «ወልደ ሚካኤል እያላችሁ አስቡኝ» ብለዋል።

አነበብኩላት።

«ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አለች እናቴ። «ልጻፈው።»