የጤናዬ ጅቦች

ጤናዬ ጠዋት ጠዋት ከግቢ ከመውጣቷ በፊት ጣቷን በምራቋ ታረጥብና ወደ ላይ ታነሣለች። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለባት፤ ጅብ ሰውን ከሩቅ የሚለየው በጠረኑ ነው። ጎረቤቷ እትዬ አየለች ግን "ዛሬስ እንዴት ነው? ልብስ ልጠብ ወይስ ይዘንባል?" እያሉ ይቀልዱባታል።

በልጅነቷ፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት ትምህርት ቤት የምትደርሰው አርፍዳ ነበር፤ ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ ሁሉ ሳትመረምር አታልፍም። ከካፋ መጥተው አዲስ አበባ፣ 18 ማዞሪያ ሰፈር ማር የሚነግዱት አባቷ ሐኪም ትሆናለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ባዮሎጂ ተማረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የወጨጫን ተራራ መውጣት ለመደች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጅብ መረጠች።

ከአስኮ ባሻገር፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ አንድ የጅብ ጉድጓድ አግኝታ ሁለት ዓመት ተመላለሰች። እዚያ የሚኖሩትን አሥራ አንዱንም ጅቦች በነጠብጣባቸው ትለያቸዋለች፤ ሦስቱ ጥቁር ፀጉራቸው ገና ያልለቀቀ ግልገሎች ናቸው። ቦታውን በጥናቷ ውስጥ እንኳ አልጻፈችም። ሰው ካወቀው እንደማይተርፉ ታውቃለች።

መስክ ብቻውን የሚወጣ ተመራማሪ ግን ያለበትን ቦታ ለአንድ ለሚያምነው ሰው በስልክ መላክ አለበት። ጤናዬ የምትልከው ለታላቅ ወንድሟ ለአምላኩ ነበር። ለማንም እንዳያሳይ አደራ ብላዋለች።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ስትደርስ የጉድጓዱ አፍ በድንጋይና በእሾህ ተደፍኗል። ዙሪያው የሰው ዱካ ብቻ ነው። እጇ እስኪደማ ድንጋይ ስታነሣ ዋለች። ግልገሎቹ ውስጥ ሞተው ነበር፤ ትልልቆቹ የሉም።

አምላኩን ቤቴል ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ አገኘችው።

"ለማን ነው የላክኸው?"

"አህያቸው ለተበላባቸው ሰዎች።" አልካደም።

"አደራ ብዬህ ነበር እኮ።"

"እማዬ ባንቺ ምክንያት እንቅልፍ የላትም! እስክትበዪ ቆሜ ልይ? ደግሞ ጅብ ነው እንጂ በግ አይደል፣ ጤንዬ።"

"ስም አውጥቼላቸው ነበር።"

"እሱን እንኳ ለሰው እንዳትናገሪ፤ ባልም አታገኚ።"

ሳቀ። እንድትስቅለት ጠበቀ። እሷ የደማ እጇን ኪሷ ከትታ ወጣች።

አሁን ሌላ ጉድጓድ እየፈለገች ነው። መስክ ስትወጣ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው የለም።

ይህ ታሪክ ሲጻፍ ሌላውን ሁሉ ፈቅዳ አንድ ነገር ብቻ ሳይጻፍ ይቅር ብላ ለምናለች። ግልገሎቹ በሞቱበት ሳምንት እሑድ፣ አምላኩ በቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ፊት ቆሞ ጌታ እህቱን ከአውሬ አፍ እንዳወጣለት ሲመሰክር፣ እሷም ከሕዝቡ ጋር ጮክ ብላ "አሜን" ብላለች።