እናቴ የከለከለችው ገንፎ

ባለፈው ወር እኔ በማበስልበት የአዳማ ሆቴል ከተለያዩ አገሮች የመጡ እንግዶች ስብሰባ ነበራቸው። በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ያገሩን ምግብ ሠርቶ ሊያቀምስ ተስማሙና ወጥ ቤቱን ለቀቅንላቸው። ናይጄሪያዊው ሩዙን በቲማቲምና በቃሪያ አቀላው፤ ህንዳዊቷ ምስሩ ላይ የጋለ ዘይትና ከሙን ደፋችበት። ሱዳናዊቷ ግን የፈላ ውሃ ላይ ዱቄት እየበተነች፣ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ታማስል ጀመር። "አሲዳ ነው፤ የኛ አገር ገንፎ" አለችኝ። ዱቄት ከፈላ ውሃ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ሽታ ሲደርሰኝ የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። ሌላው ሰው ገንፎ ሲሸተው የአራስ ቤት ደስታ ትዝ ይለዋል። እኔን ግን ቀድሞ የሚይዘኝ ፍርሃት ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሦስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ከጎናችን ጨርቅ የሚነግዱት እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ ከወሎ የመጡ፣ ድምፃቸው ከመንገድ የሚሰማ። ፊት ለፊታችን ደግሞ የወለንጪቲዋ አዴ ጫልቱ፣ ትልቅ ሴት፣ ንግግር የማያበዙ።

እናቴ ከእኔ በኋላ አንድ ጊዜ ልትወልድ ስትሄድ ግቢው ሁሉ ተሰናድቶ ነበር። ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል። ስትመጣ ትኩሱን ትብላ ተብሎ ገንፎው ተገነፋ። እናቴ ግን ባዶ እጇን ተመለሰች። ደጃፉን ስታልፍ መጀመሪያ ያየችው ያንን ድስት ነው፤ ለመክደን እንኳ የደረሰ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ገንፎ አልተሠራም። እንደገና ስታረግዝ ሁለቱን ሴቶች ቁጭ አድርጋ፣ "ይህን ልጅ በእጄ ሳልታቀፍ አንድ እፍኝ ዱቄት እንዳይፈጭልኝ፤ አደራችሁን" አለቻቸው። እትዬ ዘይነባ ቀና ሳይሉ "እሺ" አሉ። አዴ ጫልቱም "እሺ" አሉ።

ምጡ የመጣው አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ጋሪ ተጠራ። እናቴ በእትዬ ዘይነባ ተደግፋ ስትወጣ እኔን አይታ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን ክው ብሎ ደርቆ ነበር። "አዴን እንዳታስቸግሪ" አለችኝ። ጋሪው ሲንቀሳቀስ እትዬ ዘይነባ "ያ አላህ፣ አቅልልላት" ሲሉ ሰማሁ። አዴ ጫልቱ እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ "ያ ዋቅ" አሉ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አዴ ጫልቱ ሰፌድ ይዘው ምስር መልቀም ጀመሩ፤ ለቅመው ሲጨርሱ ያንኑ መልሰው ይለቅማሉ። የፈረስ ኮቴ በሰማን ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን፤ ኮቴው በራችንን አልፎ ይሄዳል። በመጨረሻ አላስቻለኝም።

"እማዬም ትሞታለች?" አልኳቸው።

"ኮቱ፣ ተኢ" አሉኝ፤ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ጎናቸው አስቀምጠው ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ ጫኑት።

ጥላው ግቢውን ሲጋርደው እትዬ ዘይነባ ብቻቸውን መጡ። ሻርፓቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ አላስተካከሉትም። ሁልጊዜ ከሩቅ የሚሰማው ድምፃቸው አሁን ለመስማት ጆሮ መጣል ይፈልጋል።

"አልወለደችም። ልጁ አልዞር ብሏል፤ ኦፕሬሽን ክፍል አስገብተዋታል። ልብስ አምጪ ብለውኝ ነው።"

እኔ ሳጥኑን ከፍቼ የእናቴን ቀሚስና ነጠላ አወጣሁ። የሕፃን ልብስ የሚባል አልነበረም፤ እሱንም ከልክላ ነበር። እትዬ ዘይነባ ልብሱን ይዘው ወደ በሩ ሄዱና ቆሙ።

"ጫልቱ፣ ውሃ ጣጂ።"

"ከልክላናለች እኮ። እሺ ብለናታል" አሉ አዴ ጫልቱ።

"ብለናታል። ግን ባዶ እጄን እዚያ በር ላይ ተመልሼ መቆም አቃተኝ። የለቅሶ ቤት መሰለኝ። ወላድ እንጂ ሬሳ አልጠብቅም።"

"ክፉ ቢመጣስ? ያን ድስት ሁለተኛ ብታየውስ?"

"እኔ ነኝ ያልኩት እላታለሁ።"

"ዱቄት እኮ የለም" አልኩ እኔ።

አዴ ጫልቱ ተነስተው ቤታቸው ገቡ። ከአልጋ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ጎትተው አወጡ። ሲፈቱት የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ገብሱን ወንድማቸው ከወለንጪቲ አምጥቶላቸው ነበር።

"መቼ ነው ያስፈጨሽው?" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"ሆዷ መታየት ሲጀምር።"

እትዬ ዘይነባ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሲመለሱ በእጃቸው አንድ ጣሳ ንጥር ቅቤ ይዘዋል። "እኔም ዋሽቻታለሁ" አሉ።

ውሃው ሲፈላ ድስቱን በጨርቅ ግራና ቀኝ አጥብቄ እንድይዝ ታዘዝኩ። አዴ ጫልቱ ዱቄቱን እየበተኑ ሲያማስሉ ድስቱ ከእጄ ሊያመልጥ ይታገላል። ማንም ሳይነግረኝ፣ ገንፎው ከጓጎለ እናቴ ትሞታለች ብዬ አመንኩ። እንፋሎቱ ፊቴን እየለበለበኝ ዓይኔን ከድስቱ አላነሳሁም። አንድ ጉብታ ብቅ ሲል ልቤ ይቆማል፤ አዴ ጫልቱ በማማሰያው ድስቱ ጠርዝ ላይ ጨፍልቀው ያጠፉታል፤ እተነፍሳለሁ።

ድስቱን በጋቢ ጠቅልለን ሆስፒታል ስንደርስ ዘበኛው አላስገባንም። በሩ ሥር ቆምን። ከአርሲ የመጣ አንድ ገበሬም የሚስቱን ወሬ እየጠበቀ ከጎናችን ቆሟል። ገንፎው በጋቢው ውስጥ ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ በክንዴ ይሰማኛል፤ የበለጠ አቀፍኩት። አንዲት ነርስ ብቅ ብላ የእናቴን ስም ጠርታ "የአስቴር ቤተሰብ?" አለች። ሦስታችንም አቤት አልን።

ነርሷ ሁለቱን ትታ እኔን አየችኝ። "እህት አግኝተሻል። ትንሽ ናት፤ ግን ደህና አድርጋ ታለቅሳለች።"

"እናትየዋስ?" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"እየነቃች ነው። ስላንቺ ጠይቃለች" አለችኝ።

አዴ ጫልቱ እልል አሉ፤ በዚያች ቀን ከአፋቸው የወጣ ትልቁ ድምፅ ነበር። ዘበኛው "እዚህ ክልክል ነው" አለ፤ እየሳቀ። ነርሷ ግን ጋቢውን አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ተሰፍታለች፤ ዛሬ ምንም አትቀምስም።" ሁለቱ ሴቶች ተያዩና አጥሩ ሥር ተቀምጠው ድስቱን ከፈቱት። ገበሬውን ጠሩት። እሱም ጎረሰ፤ የሚስቱ ወሬ የመጣው እኛ ስንነሳ ነው፤ እሷም በሰላም ተገላግላለች።

እናቴ ቤት ስትገባ አዲስ ገንፎ ተገነፋላት። ቅቤው መሐሉ ላይ ሲያብለጨልጭ አየች። "ዱቄቱን ማን ነው ያስፈጨው?" አለች።

"ጫልቱ ናት" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"ዘይነባ ናት" አሉ አዴ ጫልቱ።

እናቴ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ "ስፌቱ፣ አታስቁኝ" እያለች፣ እንባዋ እየወረደ። ከዚያ እጇን ታጥባ በላች።

ዛሬ ያ ግቢ ፎቅ ሆኗል። አዴ ጫልቱ አርፈዋል፤ እትዬ ዘይነባ ሻሸመኔ፣ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ያቺ ትንሽ እህቴ ባቱ ከተማ አግብታ ባለፈው ሳምንት ወለደች። ምጡ እንደጀመራት ባሏ በየጊዜው ይደውልልኝ ነበር፤ ሐኪሙም የልጁን አቀማመጥ ቀድሞ አውቆታል። ይህን የመሰለ ነገር የት ይገኛል፤ ያንን ዘመን ይመለስ አልልም። ግን እስክትወልድ ድረስ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። በግድግዳው በኩል የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ይሰማኛል። ጎረቤቴ መፍራቴን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት።

ፎቶው መጣ። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ እያለቀሰ ነው፤ ድምፁ ግን የለም። ደጋግሜ አየሁት፤ አለቀስኩ፤ ሳቅኩ። ከዚያ ወጥቼ ጎረቤቴን አንኳኳሁ። ስሟን ስለማላውቅ "ጎረቤት፣ ጎረቤት" እያልኩ ተጣራሁ።