«በአንድ ሰዓት ውስጥ» እየተባለ ወደ ገሱባ

ንጋት 11፡40፣ አዲስ አበባ

ሳይነጋ ኤርፖርት ደረስኩ። የአርባ ምንጭ በረራ 1፡00 ይነሳል፤ ከዚያ ለሥራ በመኪና ወደ ሶዶ እሄዳለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጥቁር የለበሰች ሴት ብርሃነሽ ትባላለች፤ ነርስ ናት። እናቷ ትናንት ማታ ከሶዶ ወዲያ ባለችው ገሱባ አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ የበኩር ልጅ ስለሆነች ሳትደርስ አይቀብሩም። ሶዶ ድረስ አርባ ምንጭ በሚጠብቀኝ መኪና አብረን ልንሄድ ተስማማን።

1፡00

ሰሌዳው ላይ «ዘግይቷል» የሚል ቃል ወጣ። ባንኮኒው ጋ ያለውን ሠራተኛ ምክንያቱን ብጠይቀው አላወቀም። «በአንድ ሰዓት ውስጥ እንነሳለን» አለ። ብርሃነሽ ለአጎቷ ደውላ ያንኑ ነገረቻቸው።

አሁኑኑ ከአዲስ አበባ በመኪና ብትነሳ ከቀኑ 8፡00 አካባቢ ገሱባ እንደምትገባ አስልቼ ነገርኳት።

«አንድ ሰዓት ነው ያሉት እኮ» አለች።

2፡10፣ 3፡15፣ 4፡20

ሦስቴ ተጠየቀ፤ ሦስቴም መልሱ ያው «በአንድ ሰዓት ውስጥ» ነበር። እንደ መጀመሪያው ሁሉ ከነሰዓቱ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እሷም በየጊዜው ገሱባ ደወለች። ከኋላችን የተቀመጡ የቦዲቲ ነጋዴ፣ መናኸሪያ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ረዳቱን በኮሌታው ይዘነው ነበር ብለው አሳቁን። እሷ አልሳቀችም።

የትኬቱን ውል ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብኩ። በረራ ሲዘገይ ተሳፋሪው ምክንያቱን የማወቅ፣ ምግብ የማግኘትና ሌላ የጉዞ አማራጭ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ከሦስቱ የደረሰን ምግቡ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደረቅ ኬክና አንድ ውሃ። ብርሃነሽ የእሷን ሳትነካ ወንበሩ ላይ ትታ ወደ ባንኮኒው ሄደች። ቢያንስ መዘግየቱን በጽሑፍ እንዲሰጧት ጠየቀች።

«እሱ የኛ ሥራ አይደለም፣ እህቴ» አላት ሠራተኛው። «በኢሜይል አመልክቺ።»

5፡40 ላይ ተነሳን። በድምጽ ማጉያው ስለ ትዕግሥታችን አመሰገኑን።

8፡25፣ ሁምቦ

አርባ ምንጭ የጠበቀን ሾፌር ማቴዎስ ይባላል፤ ቀልደኛ ነው። በአየር የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ በአውቶቡስ ከሚመጣው በኋላ ነው የሚደርሰው እያለ ሲነዳ ቆየ። ሁምቦን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰ። ወርዶ አየውና በብርሃነሽ በኩል መጣ።

«ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ እህቴ። መጠበቅ ካልፈለግሽ ሚኒባስ ላስቁምልሽ።»

ከጠዋት ጀምሮ እውነተኛ ሰዓት ስንሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በአሥራ ስምንት ደቂቃ ጨረሰ። ገና ክሪኩን ሳያነሳ ስልኳ ጮኸ። አጎቷ ናቸው፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰዋል፣ ዝናብ መጥቷል፣ ሕዝቡም ከዚህ በላይ አይቆምም።

«ቅበሯት» አለች።

10፡15፣ ገሱባ

ሶዶ ላይ ልተዋት አልቻልኩም። ከሶዶ በኋላ ያለው መንገድ ጉድጓድና ጭቃ ነው። ስንደርስ ሰዎች ከመቃብር ተመልሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ላይ ያለው አፈር አልደረቀም። አልቅሳ ስትጨርስ አጎቷ አቶ ዳና በወላይትኛ ተናገሯት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ያሉትን በኋላ ማቴዎስ ተረጎመልኝ፦ «አራት ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ አልሽን። አስከሬን አውጥተን ሕዝብ አቆምን። አልደርስም ብትይን ምን ነበር?»

ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ይንገሩልኝ። ሲጽፉ ነበር።»

ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ አነበብኩ፤ ማቴዎስ ተረጎመ። 1፡00፣ 2፡10፣ 3፡15፣ 4፡20፤ ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን ያው መልስ። አቶ ዳና በአማርኛ መለሱልኝ።

«ገጹን ይቅደዱና ይስጧት። ነገም ለቀስተኛ ይመጣል፤ ሁሉም ይጠይቃታል።»

ከሥራ ደብተሬ ገጽ ቀድጄ አላውቅም። ቀደድኩት፤ ከታች ስሜን ጽፌ ፈረምኩና ሰጠኋት። አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ወረቀቱ ማኅተም የለውም።