በግ ሳድል የኖርኩባቸው ዓመታት

መካነ ሰላም በሚገኘው የፕሮጀክት ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አስተባባሪው አቶ ጌታቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሞተር ትነዳለህ?»

«አዎን፣ እነዳለሁ» አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከበሬ በቀር የነዳሁት ነገር አልነበረም።

ቁልፉን ሰጡኝ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርኩና የጎረቤት ቁልቋል ውስጥ ገባሁ። አቶ ጌታቸው እሾሁን ከክንዴ እየነቀሉ «አብሽር፣ መንዳቱንማ ችለኸዋል፤ የቀረህ መቆም ነው» ብለው ሳቁ።

የሥራ መደቤ የመስክ ሠራተኛ ይባላል። ከውጭ በሚመጣ እርዳታ በግ እየገዛን ለአንድ ደሃ ቤት ሁለት ሁለት እንስት እናድላለን። በጎቹን የትል መድኃኒት እግታለሁ፣ ጆሯቸውን በጉጠት በስቼ ቢጫ ቁጥር አንጠለጥላለሁ፣ ከዚያ በየወሩ እየዞርኩ ጤናቸውን አያለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው የተቀባዮች ምልመላ ነበር። የቀበሌው ሰው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። የየቤቱ ስም በካርድ ይጻፋል። ኮሚቴው ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ደህና ያለው፣ መካከለኛ፣ ደሃ፣ የደሃ ደሃ እያለ አራት ቦታ ይከምራል። በመጨረሻ የአራተኛውን ክምር ስም ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የተጠራው ሰው ብድግ ይላል። መመሪያው ለግልጽነት ሲባል እንዲህ ያዝ ነበር። እኔም ስም ጠሪ ሆኜ ዓመታት ስቆይ ምንም አልመሰለኝም።

አንድ ዓመት የበግ ባለሙያ ተላከችልን። አይኑራ ትባላለች። አገሯ ድሮ በሶቭየት ኅብረት ሥር የነበረች ተራራማ አገር ናት። አንዲት የወግዲ ሴት የባለሙያዋን ስም ስነግራቸው «ስሟ ኑራ ከሆነ ለምን አይ እያላችሁ ታሳዝኗታላችሁ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ኑራ ሆና ቀረች። የበግ የዓይን ቆብ ገልጣ አይታ ደም ማነሱን ስትናገር ሽማግሌዎቹ «ይቺስ የበግ አገር ልጅ ናት» አሉ።

ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ቀበሌ እኔ እየተረጎምኩላት አብረን ምልመላ ተቀመጥን። የእትዬ ዘሃራ ካርድ ተነሳ። እትዬ ዘሃራ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ይማም «የዘሃራ ልጅ ዓረብ አገር ናት። ከውጭ የሚላክለት ቤት በግ ምን ያደርግለታል?» አሉና ካርዱን መካከለኛው ላይ አኖሩት።

እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካክለው «አልሐምዱሊላህ፣ የጎደለብኝ የለም» አሉ።

ሰው ሲበተን ኑራ ክንዴን ያዘችኝ። «እኚህ ሴት የመለሱት እንደ እናቴ ነው» አለችኝ። ልጅ ሳለች ሶቭየት ኅብረት ሲፈርስ አባቷ የሚሠሩበት ፋብሪካ ተዘጋ። የእርዳታ ዱቄት መጣና በትምህርት ቤቱ ሜዳ ስም እየተጠራ ታደለ። እናቷ የዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። በተማሪዎቻቸው ፊት ስማቸው በሚጠራበት ቀን «የለችም በሉልኝ» ብለው ቤት ተደበቁ።

በማግስቱ እትዬ ዘሃራ ቤት ሄድን። የበግ ጉሮኗቸው ባዶ ነው፤ ሣር በቅሎበታል።

«ልጄ አንድ ዓመት ላከችልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚያ ወዲህ ድምጿንም አልሰማሁ። ይኸን ሰው በተሰበሰበበት ልናገር? የዘሃራ ልጅ ጠፋች ልባል? ወላሂ፣ ረሃቡ ይሻለኛል።»

እስከዚያ ድረስ ስንቱን ሰው በሰው ፊት እንዳስነሳሁ አሰብኩና አፈርኩ።

ቢሮ ተመልሰን ለአቶ ጌታቸው ነገርናቸው። «መመሪያው በስብሰባ ነው የሚለው» አሉ።

ኑራ «መመሪያውን የጻፈው ሰው ስሙ እየተጠራ ዱቄት ተቀብሎ አያውቅም» አለች። እኔ ተረጎምኩ።

አቶ ጌታቸው እስክሪብቷቸውን አነሱ። «ቤት ለቤት ተጣርቷል ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ይማምን አንተው አናግረው» አሉ።

ጋሽ ይማም ለብቻቸው ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። «አስተግፊሩላህ! እኔ እኮ የሚላክላት መስሎኝ ነው። በጎቹን እኔው ላድርስ። በገበያ ቀን ከገበያተኛው ጋር ነድቼ አስገባላታለሁ፤ የገዛቻቸው ይመስላል።» ትንሽ ሄደው ተመለሱ። «ያ ቢጫ ቁጥርስ? ከሩቅ ይጮኻል እኮ!»

እኔ አላሰብኩትም ነበር። አቶ ጌታቸው ቁጥሩን መዝገብ ላይ ብቻ እንድጽፍ ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ የማንንም በግ ጆሮ አልበሳንም፤ ምልመላውንም ቤት ለቤት አደረግነው።

በጎቹ ወለዱ። የጠፋችው ልጅም ደወለች። አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ኖሮ፣ ሌላ ቤት ስትገባ ነው የተነፈሰችው። እትዬ ዘሃራ የዚያን ቀን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሞተሩን አስቁመው እጄን ሳሙኝ፤ እኔም እጃቸውን ለመሳም ስጎነብስ ሞተሩ ወደቀ።

ተቀባይ የመጀመሪያዋን እንስት ግልገል ለሌላ ችግረኛ ማስተላለፍ አለበት። ጊዜው ሲደርስ እትዬ ዘሃራ ግልገሏን እየጎተቱ ቢሮ ገቡ። አቶ ጌታቸው ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን ዝርዝር አወጡ።

«ዝርዝሩን ተውት» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ። ስሟን ግን አልናገርም። ያሳየኋችሁ መስጠቴን እንድታውቁ ነው።»

«እትዬ ዘሃራ፣ መዝገብ አለብን እኮ!» አሉ አቶ ጌታቸው።

«ዘሃራ ታውቃለች ብለህ ጻፍ፣ ልጄ።»

አቶ ጌታቸው ኑራን አዩ፤ ኑራ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ። ስተረጉምላት ሳቋ መስኮቱን አነቃነቀው። አቶ ጌታቸውም እየሳቁ እንደተባሉት ጻፉ። ግልገሏ እስኪጨርሱ የጠረጴዛውን ወረቀት ትበላ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዳዲስ የመስክ ሠራተኞች ስለ ምልመላ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አጭር ነው። ሰው ችግሩን የሚናገረው በቤቱ ነው፤ በአደባባይ የሚሰጠውን መልስ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ።