ወደ ውስጥ የሚባል «አዎ»

ይህን ስጽፍ የምደገፍባቸው ምንጮች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ጉድለት አለባቸው። አንደኛው በፈረንጆች 2021 የጸደይ ወራት የልጅ ልጄን የሶስናን የሰውነት መልመጃ በየዕለቱ የመዘገብኩበት ሰማያዊ ደብተር ነው፤ ቁጥር እንጂ ንግግር አልያዘም። ሁለተኛው የልጄ የሰናይት ትዝታ ነው፤ እሷ በዚያን ጊዜ ከሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሺፍቷን ጨርሳ ስለምትመጣ ብዙውን ነገር ያየችው በደከመ ዓይን ነው። ሦስተኛው የገዛ ራሴ ጭንቅላት ነው። እሱም ከዕድሜ ብዛት ያየውንና ያየ የሚመስለውን መለየት እየተሳነው መጥቷል።

ወደ ደብተሩ የመለሰኝ ባለፈው ሳምንት የተደወለ ስልክ ነው። የደወለችው የሶስና አዲስ አስተማሪ ነበረች። «ልጅቷን አንድ ነገር ስጠይቃት ትንፋሿ ድንገት ቁርጥ ይላል፤ የሕክምና ታሪኳን ስለማውቅ ደነገጥኩ» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። አስተማሪዋ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚስቅ አያት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሳታስብ አልቀረችም።

ሶስና ከተወለደች ጀምሮ ሳንባዋ የታመመ ነበር። በ2020 መጨረሻ፣ አምስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ስትል፣ በሌላ ግዛት በሚገኝ ሆስፒታል የሌላ ሕፃን ሳንባ ተተከለላት። የማናውቃቸው ወላጆች በሐዘናቸው መካከል የሰጡት ነው። ወደ ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ወዳለችው አፓርታማችን የመለስናት ከበረሃው አቧራ የሚያመጣው ነፋስ በሚበረታበት በጸደይ መጀመሪያ ነበር። ሳንባው አዲስ ቢሆንም እግሮቿ ለወራት አልጋ ላይ ከርመው መራመድን ረስተው ነበር። ስትቆም ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ክፍል ለማቋረጥ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

ወረርሽኙ ሰው ከሰው የለየበት ዓመት ስለነበር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የምትመጣው በስልክ መስኮት፣ በቪዲዮ ነው። ስሟ ዳና ነበር፤ እንግሊዝኛ ብቻ የምትናገር ጥንቁቅ ሴት ናት። ሶስናን ከትንሽ ወንበር ደጋግማ እንድትነሳ፣ የሳሙና አረፋ እንድትነፋ፣ በኮሪደሩ እንደ ወታደር እንድትረግጥ ታደርጋታለች። ትልቁ ግብ ግን ደረጃው ነበር። ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው አሥራ አራት እርከን አለው፤ ሶስና ከሆስፒታል ከመጣች ጀምሮ በሰው እቅፍ እንጂ በእግሯ ወጥታው አታውቅም። በየእርከኑ የወረቀት ኩባያ አስቀምጬ በእያንዳንዱ አንድ ደረቅ ሽምብራ ጨመርኩ። የወጣችበትን እየለቀመች ለእኔ ታስረክባለች። መብላት አልተፈቀደም፤ ያን ጊዜ ኢንፌክሽን ፈርተን ቲማቲም ሳይቀር ቀቅለን ነበር የምናበላት።

ችግሩ የጀመረው አራተኛው እርከን ላይ ነው።

«ሶስና፣ ደህና ነሽ? እንቀጥል?» አለች ዳና።

ሶስና አፏን ከፈት አድርጋ ትንፋሿን ቶሎ ወደ ውስጥ ሳበች።

«አቁሙ። ትቀመጥ» አለች ዳና። በሶስና ጣት ላይ የተሰካውን የኦክሲጅን መለኪያ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ቁጥሩ ደህና ነበር።

«አባባ፣ ለምን ስቶፕ አደረግን? ታየርድ አይደለሁም እኮ» አለች ሶስና።

«እሷ ታውቃለች፣ ተቀመጪ» አልኳት።

ይኸው ነገር ሦስት ሳምንት ተደጋገመ። ዳና ትጠይቃለች፣ ሶስና ትንፋሿን ትስባለች፣ መልመጃው ይቆማል። ደብተሬ በእነዚያ ቀናት ሁሉ «አራት ሽምብራ» ብቻ ይላል። በመጨረሻ ዳና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለንቅለ ተከላው ሐኪሞች ማሳወቅ እንዳለባት ነገረችን። ሰውነቷ አዲሱን ሳንባ እየገፋው እንዳይሆን ተሰግቷል። እንደዚያ ከሆነ ወደዚያ ሆስፒታል ተመልሳ፣ በማደንዘዣ ተኝታ፣ ሳንባዋ ውስጥ ቱቦ ገብቶ መታየት አለበት። ሰናይት ይህን ስትሰማ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የጫማዋን ክር ፈታችው፤ መልሳ አሰረችው፤ ደግሞ ፈታችው።

በቀጣዩ ቀጠሮ ዳና ለሐኪሞቹ የምትልከውን ዘገባ ልትጽፍ እኔን ትጠይቀኝ ጀመር።

«ስታርፍም እንዲህ ትተነፍሳለች?»

ለትክክለኛነት እጨነቃለሁና ጥቂት አሰብኩ። ስትበላም፣ ስትጫወትም፣ ካርቱን ስታይም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ መለስኩላት።

የዳና ፊት ወደ ስልኩ መስኮት ተጠጋ። «እርስዎም?»

«ምን እኔም?»

«እርስዎም ትንፋሽ ያጥርዎታል? ሐኪም አይቶዎታል?»

ሶስና አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሰናይት ሽንኩርት በእጇ እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም። አዎ ነው ያልኳት።»

ሰናይት ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ ወንበር ሳበች። «ውይ አባዬ» አለች፤ «ሶስናም'ኮ አዎ ነው የምትላት።»

አርባ ዓመት ስለ ቋንቋ ድምፆች አስተምሬአለሁ። ሰሌዳ ላይ ያስረዳሁት ድምፅ ሁሉ ትንፋሽ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚፈጠር ነበር። ሰው ሁሉ በየቤቱ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ የሚለውን ይህን «አዎ» ግን ፊደላችን ቅርጽ አልሰጠውም፤ እኔም ጆሮ አልሰጠሁትም። ሶስና ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ስለምትውል የተማረችው ከእኔ ነው። በስንፍናዬ ምክንያት አንዲት ሕፃን ለከንቱ በማደንዘዣ ልትተኛ ተቃርባ ነበር።

ለዳና አስረዳኋት። ዘገባዋን መጻፍ አቆመች። «ማለት ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቀጥል ስትለኝ ነበር?»

«አዎ» አልኳት፤ በዚህኛው ጊዜ በእንግሊዝኛ።

ዳና ራሷ ሞከረችውና ሳል ያዛት። «ኖ፣ ኖ፣ እንደዚህ!» አለች ሶስና፤ አሳየቻት።

ይሁን እንጂ ዳና በእኛ ቃል ብቻ አላለፈችውም፤ ለዚህም አከብራታለሁ። በማግስቱ ሆስፒታሎቹ ወዳሉበት ሰፈር፣ ወደ ሜዲካል ዲስትሪክት ነድተን የደረት ምስል ተነሳች፤ እኔ ከኋላ ወንበር አብሬያት የመንገዱን ዘንባባዎች ስቆጥርላት ነበር። ምስሉ ንጹሕ ሆነ። ሐኪሞቹ ምስሉን፣ ቁጥሮቹንና የዳናን ማብራሪያ አይተው ወደዚያ ሆስፒታል መመለስ አያስፈልጋትም አሉ። ከዚያ ወዲህ በመልመጃ ጊዜ «አዎ» በአውራ ጣት ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ደብተሩ እንደሚለው አሥራ አራት ሽምብራ የተቆጠረው ከዚያ በኋላ በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። የብረቱ መደገፊያ በፀሐይ ግሎ ስለነበር ሶስና እጇን እጅጌዋ ውስጥ ሸሽጋ ያዘችው። ዘጠነኛው ላይ ቆመች። ሰናይት ልታነሳት እጇን ስትዘረጋ «ዶንት፣ ማሚ» አለቻት። አሥራ አራተኛውን ኩባያ አንስታ ሽምብራውን መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

«ደህና ነሽ?» አለች ዳና ከስልኩ ውስጥ።

ሶስና ስምምነቱን ረሳችው። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ከዚያ ትዝ ሲላት አውራ ጣቷን ቀሰረች። ኩራት የሚለውን ቃል ቆጥቤ እጠቀማለሁ፤ ያን ዕለት ግን ሌላ ቃል አላገኘሁም። ሳንባው ከማን ቤት እንደመጣ አናውቅም። በአማርኛ «አዎ» ማለትን የተማረው ግን እኛ ደረጃ ላይ ነው።

ለአስተማሪዋ ይህን በአጭሩ ነግሬ አመሰገንኳት፤ የሶስና ትንፋሽ በሩጫ ጊዜ ቁርጥ ካለ ግን ሳትዘገይ እንድትደውልልን አደራ አልኳት። ሰናይት ጽሑፉን አንብባ አንድ ነገር አርማኛለች። ሶስና ይህን «አዎ» ገና በሁለት ዓመቷ፣ በአሮጌው ሳንባዋም ትለው ነበር ትላለች። እኔ የማስታውሰው ራሷን ስትነቀንቅ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ለመልስ የምታባክነው ትንፋሽ አልነበራትም ብዬ አምናለሁ። ሶስናን ብጠይቃት አታስታውስም። ደብተሬ የሚጀምረው ከንቅለ ተከላው በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው «አዎ» በየትኛው ሳንባ እንደተባለ እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም።